ትንሿ የሽመና ፍሬም ለማን ትሠራ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ይሁንና ድር ምን እንደሆነ፣ ከማግ በምን እንደሚለይ፣ ሁለቱ ተገናኝተው እንዴት ጨርቅ እንደሚሆኑ አስረዱ ብንባል ከዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ስንቶቻችን እጃችንን እናወጣለን? ጋቢ ደርበን ብርድ ያሳለፍን፣ በየበዓሉ የእናቶቻችንን ቀሚስ ጥለት ያደነቅን ሰዎች ነን። የጨርቁን አሠራር ግን ሸማኔው ያውቀዋል ብለን ለእሱ ትተንለታል።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ሰሞኑን በወርክሾፓችን የሌዘር መቁረጫ ከኮምፔንሳቶ ተቆርጣ የምትገጣጠም አንዲት ትንሽ የሽመና ፍሬም የመነጋገሪያ ርዕስ ሆናለች። እኔም ከሠሯትና ከሸመኑባት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ትሁን የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው። ጭቅጭቁ ለማን ትሠራ በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን «የጁገልን በር እንቅረጽባትና ለቱሪስት እንሽጣት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኋላ ቀሩን የጉድጓድ ሽመና በዚህች እናዘምነው» ባይ ነው። በእኔ እምነት ሁለቱም አልመቱም። ፍሬሟ ጠቃሚ ናት፤ ቦታዋ ግን የመታሰቢያ ዕቃ መደርደሪያም የሸማኔው ቤትም አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ከዚህ በታች ላስረዳ።

ፍሬሟ ምንድን ናት?

ነገሩ ቀላል ነው። አራት ማዕዘን ክፈፍ አለ፤ ከላይና ከታች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ወጥቶለታል። ድሩ ከላይኛው ጥርስ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው እየተመላለሰ ይወጠራል። ከዚያ ማጉ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ይተላለፋል። በማበጠሪያ መሰል እንጨት ይጠቀጠቃል። ሌላ ምንም የለም።

የእኛዋ የ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ናት። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ 41 ድር ይቀመጣል። እያንዳንዱ ድር 200 ግራም ያህል ጉተታ ቢኖርበት 41ዱ ሲደመሩ 8 ኪሎ አለፉ ማለት ነው። ስለዚህ የላይና የታች እንጨቶቹ ቀጭን ከሆኑ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ሲጎብጡ የመካከሉ ድር ይላላል፤ ጨርቁም መሃሉ ላይ ይንገዋለላል። እንጨቶቹ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት የተሰጣቸው ለዚህ ነው። እንግዲህ በአንዲት ክፈፍ ውስጥ የስታቲክስ ትምህርት ተቀምጧል።

ሌዘሩም የራሱ ጠባይ አለው። ኩማር ፓቴል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን በ1964 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ከሠራ ወዲህ መሣሪያው በዓለም ዙሪያ እንጨት፣ ቆዳና ጨርቅ ሲቆርጥ ኖሯል። የሚቆርጠው በማቃጠል ነው፤ ጨረሩ ባለፈበት መስመር ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚሆን እንጨት ተቃጥሎ ይጠፋል። መገጣጠሚያ ሲሳል ይህ ካልታሰበበት ቁራጮቹ ይላላሉ። ሌላው የተቃጠለው ጠርዝ ጥቀርሻ መያዙ ነው። ነጭ ፈትል ጥቀርሻ ከነካው አለቀለት። ጥርሶቹ በብርጭቆ ወረቀት መታሸትና በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለባቸው። ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሌዘር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ይበላል።

«እግሩ የታለ?»

አሁን ወደ «እናዘምን» ባዮቹ ልምጣ። ከጁገል ውጭ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ ዘንድ ፍሬሟን ይዤ ሄጄ ነበር። ገልበጥበጥ አድርገው ካዩዋት በኋላ «እግሩ የታለ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «እግር የላትም ጋሼ፣ በእጅ ብቻ ነው» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «እንግዲያው እጅን የእግሩንም ሥራ ልታሠሩት ነዋ!» አሉኝ።

ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለእኔ ከረጅም ንግግር በለጠችብኝ። የጉድጓዱ ሽመና እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያወርዳል። እዚያ ሁለት መርገጫዎች አሉ። አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል፤ ሌላውን ሲረግጥ የቀረው ግማሽ ይነሳል። በተከፈተው መካከል መወርወሪያው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ይበርራል። እግር ይከፍታል፣ እጅ ይወረውራል፣ ከዚያም ማጉ ይመታል። ሥራው ለአራቱም የአካል ክፍሎች ተከፋፍሏል፤ በዚያ ላይ ድሩ ብዙ ሜትር ይረዝማል፣ እየተጠቀለለ ይቀጥላል። በእኛ ፍሬም ግን የጨርቁ ርዝመት ከክፈፉ አያልፍም፤ 41ዱም ድር በየዙሩ በጣት እየተለየ ነው የሚታለፈው። ሰዓት ይዤ ለክቻለሁ። የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀችብኝ።

ታዲያ ማን ነው ኋላ ቀሩ? የጉድጓዱ ሽመና ከእንጨት፣ ከሸምበቆና ከገመድ ስለተሠራ ኋላ ቀር፣ የእኛዋ በጨረር ስለተቆረጠች ዘመናዊ የምንል ከሆነ ዕቃውን ሳይሆን የመቁረጫውን ዕድሜ ነው የለካነው። በአሠራር ብልሃት ከሄድን መርገጫ ያለው የሸማኔው መሣሪያ ከእኛዋ ብዙ እርምጃ የቀደመ ነው። ጥርስ ያለው ክፈፍ ሽመና ውስጥ የጀማሪ ደረጃ ነው፤ ሸማኔው ከዚያ አልፎ ሄዷል። እሱን ወደ ጀማሪው ደረጃ መልሶ «አዘመንኩህ» ማለት ስድብ ነው የሚመስለኝ።

ይህን ስል በጉድጓዱ ሽመና ላይ ምንም ችግር የለም ማለቴ አይደለም። ወገብ ያማል፣ ጉድጓዱ በክረምት ይረጥባል፣ ጀርባ ይጎብጣል። ከመሬት ከፍ ብለው ቁጭ ተብሎ የሚሠራባቸው ባለ መርገጫ መሸመኛዎች በተለያዩ የአገራችን ከተሞች ሥራ ላይ የዋሉትም ለዚህ ነው። ሸማኔውን መርዳት የሚፈልግ ተማሪ መንገዱ ያ ነው፤ እግሩን ሳይነጥቀው ወገቡን ማሳረፍ። ትንሿ ፍሬም ይህን አታደርግም።

ሐረር ለጨርቅ እንግዳ አይደለችም

ሐረር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ጅብ፣ ቡናና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት ነው። ሆኖም ከተማዋ የታወቀች የሸማ ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 እ.ኤ.አ. ገብቶ ለ10 ቀናት ሲቆይ ካያቸው ነገሮች አንዱ በእጅ የሚሸመነው የሐረር ልብስና መታጠቂያ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ይህ ጨርቅ በውበትም በጥንካሬም የአውሮፓን የፋብሪካ ምርት እንደሚበልጥ፣ ከሸዋው ጨርቅም እንደሚተካከል መስክሯል። የማንቸስተር ጢስ በሚጨስበት ዘመን አንድ እንግሊዛዊ እንዲህ ብሎ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? አቡጀዲ ገባ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በቅርባችን ድሬዳዋ ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። ዛሬ ደግሞ ከውጭ ታትሞ የሚገባ፣ ጥበብ የሚመስል ግን ያልተሸመነ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ነው፤ ቀርበው ሲገለብጡት በስተኋላው ቀለም ብቻ ነው። ለሸማኔው የዛሬው ጠላት የጉድጓዱ እርጅና አይደለም፤ ገዢው የተሸመነውን ከታተመው መለየት አለመቻሉ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሁሉ ባህል ያጠፋል የሚሉትንም አልደግፍም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደውን መኪና ግርግር የማያውቅ ሐረሬ የለም። ጎዳናው ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። የስፌት መኪና የተፈለሰፈው ሐረር ላይ አይደለም። ግን ልብስ ሰፊው ተማረው፣ ሲበላሽ ፈታው፣ ጠገነው፣ ልጁን አስተማረበት፤ በመጨረሻ ድምፁ የሰፈር ስም ሆነ። አንድ መሣሪያ የእኛ ሆነ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ይመስለኛል። የእኛዋም ፍሬም መመዘን ያለባት በዚህ ሚዛን ነው።

«ለቱሪስት እንሽጣት»

ገንዘብ ማግኘት ነውር አይደለም፤ ዲፓርትመንቱም ኮምፔንሳቶ የሚገዛው በገንዘብ ነው። ሆኖም ይህ ሐሳብ ሦስት እንከን አለበት።

አንደኛ፣ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የተቀረጸ በር ምስል ስላለው አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት፣ እጅ የሚሠራበት ከተማ ስለሆነ ነው። በሩን በሌዘር አቃጥለን የምንሸጠው ዕቃ ስለ ከተማዋ እጅ ምንም አይናገርም። ነገ ሌላው በሌላ አገር ያንኑ ምስል በርካሽ ይቀርጸዋል።

ሁለተኛ፣ አንዳንዶች «የሐረሪን ስፌት ንድፍ በፍሬሟ እናወጣለን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን ማደባለቅ ነው። የሐረሪ ሴቶች ሥራ ስፌት ነው እንጂ ሽመና አይደለም። ድርና ማግ የለውም፤ የሣር እስር እየዞረ በወስፌ ተወግቶ በላዩ ላይ ይጠቀለላል፣ ከመሃል ተነስቶ ወደ ውጭ ያድጋል። ክብ ነው። ፍሬሟ ደግሞ አራት ማዕዘን ናት። ክቡን ንድፍ አራት ማዕዘን ላይ ስናስገድደው የሚወጣው ሐረሪም ሽመናም ያልሆነ ነገር ነው። በዚያ ላይ ንድፉ ባለቤት አለው፤ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ነው። ሳይጠይቁ ወስዶ መሸጥ በየትኛውም ሚዛን ልክ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ፍሬሟ ከተሸጠች ዕውቀቱ አብሮ ይወጣል። እንግዳው ሆቴሉ ቁጭ ብሎ ድር ማድራት ይለምዳል፤ የሐረር ልጅ ግን እንደ በፊቱ ድሩን ከማጉ ሳይለይ ይቀራል። ይህ ተገላቢጦሽ አይደለም እንዴ?

ታዲያ ለማን?

ለተማሪ፣ ለዚያውም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ። ለዚህ ያሉኝ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። 41 ድር ላይ በየ8 ድሩ የሚደጋገም ጥለት 5 ጊዜ ይሄድና አንድ ድር ይተርፋል። ልጁ «ይቺ ለምን ተረፈች?» ይላል። ግራውና ቀኙ እኩል እንዲሆኑ ያቺ አንዷ የግድ ታስፈልጋለች። ብዜት፣ ቀሪና ሲሜትሪ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተጨበጡ ማለት ነው። ከፍ ላለው ተማሪ ደግሞ ድር ከላይ ወይም ከታች፣ አንድ ወይም ዜሮ ነው። ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 እ.ኤ.አ. ጥለትን በተበሱ ካርዶች የሚያዝ መሸመኛ ሠርቶ ነበር። ቻርልስ ባቤጅ ለስሌት መኪናው የካርዱን ሐሳብ የወሰደው ከዚያ ነው። ኮምፒዩተር ላይ የምንቀመጥ ሁሉ ለሸማኔ ዕዳ አለብን።

ሁለተኛው የፆታ ጉዳይ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ተብሎ ተከፍሏል። እናት ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፣ መወርወሪያውን ግን አትነካም። ትንሿ ፍሬም የማንም ተብላ አልተመደበችም። ሴት ልጅ ብትይዛት «ምን አገባሽ» የሚላት የለም። አንድ ጊዜ የሽመና ነገር ከገባት በኋላ መርገጫ ያለው ላይ መቀመጥ ያን ያህል አይከብዳትም።

ሦስተኛው ክብር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን ከአንደበታችን ጨርሶ አልወጣም። አንድ ልጅ ለአንድ ሰዓት ታግሎ የመዳፍ ስፋት ያላት ጨርቅ ካወጣ በኋላ ግን ሸማኔን ሊንቅ አይችልም። ቀደም ብዬ ያስያዝኩትን ነጥብ አሁን ላንሳው። ይኸው ልጅ አድጎ ገበያ ሲወጣ ጨርቁን ይገለብጠዋል፣ በስተኋላው ማጉ ሲመላለስ ያያል ወይም አያይም። የታተመውን ከተሸመነው ይለያል። ሸማኔው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ገዢ ነው። ዲፓርትመንታችን ለሸማኔው የሚውለው ውለታ መሣሪያውን መቀየር ሳይሆን ዕውቀት ያለው ደንበኛ ማፍራት ነው የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሕፃንና ሽመና አብረው ሲጠሩ በአገራችን መጥፎ ትዝታ አለ። ከጋሞ ደጋ ትንንሽ ልጆች «ትማራላችሁ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ሄደው፣ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ላይ ከጠዋት እስከ ሌሊት ሲሸምኑ መኖራቸው በብዙ ሰው የተጻፈበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ፍሬሟ የክፍል ዕቃ ሆና ትቅር። ተማሪ የሠራባት ቁራጭ አይሸጥ፣ ኮታ አይጣልበት። ለጨዋታና ለትምህርት ትሁን፤ በቃ።

ምን ይደረግ?

ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆንብኝ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፍሬሟ ያለ ሌዘርም መሠራት የምትችል ትሁን። ሌዘሩ አንድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ጋዝ የያዘው ቱቦውም ዕድሜው የተወሰነ ነው። ሥዕሉ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ማንኛውም አናጺ በመጋዝ ሊያወጣቸው የሚችሉ ይሁኑ፤ ለጥርስ ቦታ ትንንሽ ሚስማር መምታትም ይቻላል። ሌዘሩ ልክ የሆነውን አብነት ይቁረጥ፤ ትምህርት ቤቱ ከአብነቱ ላይ በሰፈሩ አናጺ ያባዛ። በ1929 እ.ኤ.አ. በሕንድ ለተሻሻለ የመፍተያ መኪና 100,000 ሩፒ ሽልማት ቀርቦ ነበር። ውድድሩ የጋንዲ ሲሆን፣ ከመስፈርቶቹ መካከል ዋጋው ከ150 ሩፒ እንዳይበልጥና በተራ የገጠር ጎጆ ውስጥ በእጅ ወይም በእግር እንዲሠራ የሚሉ ነበሩ። ብዙ መሐንዲስ ሞከረ፤ ሽልማቱን የወሰደ ግን አልነበረም። መስፈርቱ የከበደው ብልሃት ስለጎደላቸው አይመስለኝም፤ ርካሽ፣ ጠንካራና በሰፈር የሚጠገን ዕቃ መሥራት ከሁሉ የከበደ ምህንድስና ስለሆነ ነው። እኛም ራሳችንን በዚህ እንፈትን።

ሁለተኛ፣ ፍሬሟ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሸማኔ አብሮ ይሂድ፤ እንደ መምህር፣ በአበል። እኛ ቴክኒኩን አንብበን ነው ያወቅነው፤ እሱ ግን ክሩ ሊበጠስ ሲል በጣቱ ይሰማዋል። ልጆቹ እንዲህ ያለውን ሰው «መምህር» ብለው ሲጠሩት መስማት ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው። በሽመና የሚታወቁት አርጎባዎችም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከእነሱም የሚጋበዝ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ ከመመረቂያ ፕሮጀክቶች አንዱ የመርገጫውን ወገብ ችግር ይያዝ። ቡድኑ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ግን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሸማኔው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይለካ፦ የጉልበቱን ቁመት፣ የመርገጫውን ርቀት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚወረውር። ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ስለ ማዘመን እንነጋገር።

የፕሮጀክት ርዕስ የምታጸድቁ መምህሮቻችን ይህን ጽሑፍ ከማጽደቃችሁ በፊት ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ያለን አንድ ማሽንና ጥቂት ጣውላ ነው። የበር ምስል እየቀረጽንበት ልንጨርሰው እንችላለን፤ ወይም ለእያንዳንዱ የሐረር ትምህርት ቤት አንድ አንድ አብነት ልናደርስበት እንችላለን። ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ የምንችል አይመስለኝም። በዚህ የማይስማማ ተማሪ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ ግን እባካችሁ፣ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰዓት ሸምናችሁ ሞክሩ። ፍሬሟ ወርክሾፑ መስኮት አጠገብ አለች፤ ድሩ ተወጥሮ ነው የተቀመጠው።